ኮምፒውተር መልስ አያጣም

ውድ ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ኢንጂነሪንግ ወይም ሒሳብ ጨርሳችሁ በኮምፒውቴሽናል ሳይንስ (የተፈጥሮንና የምህንድስናን ጥያቄ በኮምፒውተር ስሌት በሚፈታው ትምህርት) ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠል ያሰባችሁ ስታማክሩኝ፣ ቀድማ የምትመጣው ጥያቄ «የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» የምትለው ናት። አትከፋም፤ ግን ትቆይ። ቅድሚያውን ለሊኒየር አልጀብራ፣ ለዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና የግምት ስሌት ምን ያህል እንደሚታመን ለሚያስተምረው ለኒውሜሪካል አናሊሲስ ስጡ። ኮምፒውተር መልስ አያጣማ! የተሳሳተ ነገር ብትሰጡትም አሥር አኃዝ ደርድሮ ያቀርብላችኋል።

ከደጃችን እንነሳ። የታጠበ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ እርጥበቱ ከፍሬው እንዴት እንደሚወጣ ልታሰሉ ነው እንበል። ፍሬውን በሐሳብ በቀጫጭን ንብርብር ትከፍላላችሁ፣ ጊዜውንም በትንንሽ እርምጃ ትቆራርጣላችሁ። ከዚያ የአንዱን ንብርብር እርጥበት ከግራ ቀኙ እያያችሁ ወደፊት ታሰላላችሁ። በዚህ ቀላል ዘዴ የንብርብሩን ውፍረት በግማሽ ስትቀንሱ፣ አንዱ የጊዜ እርምጃ ሊረዝም የሚችልበት ገደብ ወደ ሩብ ይወርዳል። ገደቡን ካለፋችሁ ቁጥሩ ያብድባችኋል፤ እርጥበቱ አንዴ ከዜሮ በታች፣ አንዴ ሚሊዮን ይላል። እሱስ ደግ ነው፣ ስህተቱ ራሱ ይጮኻል። እኔን የሚያስፈራኝ እውነት መስሎ ዝም የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ኖርዌይ ውስጥ ስላይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ላይ የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረቱ ሲፈተሽ ሰጠመ። በፋይናይት ኤለመንት (አካሉን በትንንሽ ክፍል ከፋፍሎ በሚያሰላው ዘዴ) ስሌቱ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው የሸር፣ ማለትም ጎን ለጎን አንሸራቶ የሚቆርጥ ኃይል በ47 በመቶ አንሶ ወጥቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። ወሳኙ ቦታ ላይ ሜሹ፣ ማለትም የትንንሾቹ ክፍሎች መረብ፣ በደንብ አልተሠራም፣ ሰዎቹም ቁጥሩን አመኑት። ስለዚህ መልሱን በእጃችሁ በምታውቁት ቀላል ጥያቄ ኮዳችሁን ሳትፈትኑ ወደ ከባዱ አትለፉ። የሜሹን ክፍሎች አሳንሳችሁ ደግማችሁ አስሉ። መልሱ ከተለወጠ ገና ናችሁ።

ሱፐር ኮምፒውተር የለንም ብላችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ። ለመጀመር አንድ ላፕቶፕና ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይበቃል፤ ፈሳሽ ለሚያጠና ኦፕንፎም የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል። መብራት ሲሄድ ከዜሮ እንዳትጀምሩ ኮዱ በየመሃሉ ውጤቱን እንዲያስቀምጥ አድርጉ። ርዕስም ሩቅ አትፈልጉ። የአዌቱ ወንዝ ጎርፍ አለ፣ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ የሚገባው ደለል አለ፤ ሁለቱም አጥኚ ይፈልጋሉ።

አማካሪ ስትመርጡ ደግሞ በስሙ ብቻ አትሂዱ። እሱ ጋ የጨረሱ ተማሪዎችን ፈልጋችሁ ጠይቁ። ኮዳችሁን ቁጭ ብሎ አብሯችሁ የሚያይ ከሆነ እሱን ያዙ።