ፎቶዬ ምን ጎደለው? ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ፍሬሙ ውስጥ ምን ይግባ? የትስ ይቀመጥ? ኮምፖዚሽን የሚባለው ይኸው ነው።

ቦታው በዓይኔ ሳየው በጣም ያምራል። ፎቶው ላይ ግን ዝርክርክ ይልብኛል። ለምን?

ዓይናችን መርጦ ነው የሚያየው። ወዳጃችንን ስናይ ከኋላው ያለውን ምሰሶና ሽቦ ልብ አንለውም። ካሜራ ግን አይመርጥም፤ ፊቱ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ፎቶ ላይ ርቀት ስለሚጠፋ ደግሞ አሥር ሜትር ወዲያ የነበረው ምሰሶ ከሰውየው አናት ላይ የበቀለ ይመስላል።

ስለዚህ ከማንሳትዎ በፊት "እዚህ ያቆመኝ ምንድን ነው?" ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ያቆመዎት የአያትዎ እጆች ከሆኑ ወደ እጆቹ ይጠጉ። ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ መጋረጃው ይቅር። ቀጥሎ የፍሬሙን አራት ጠርዞች በዓይንዎ ይዙሩ። እኔ ሁልጊዜ ከላይ ከግራ ጥግ ነው የምጀምረው፤ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ግማሽ ፊቱ የተቆረጠ ሰው፣ የወደቀ ፌስታል፣ የራስዎ ጥላ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ማለት ወይም በርከክ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ለጀማሪ አንድ ምክር ብቻ ስጥ ብባል የምሰጠው ይህንኑ ነው።

17 ዓመቴ ነው። ሰውን መሃል ላይ ማድረግ ስህተት ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

አይደለም፣ ወንድሜ። የሚነግሩህ ስለ ሲሶ ሕግ ነው። ፍሬሙን በሁለት ቋሚና በሁለት አግድም መስመሮች ዘጠኝ ቦታ ትከፍለዋለህ፤ ከዚያ ዋናውን ነገር መስመሮቹ ከሚገናኙበት በአንዱ ታሳርፈዋለህ። ስያሜውን ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓሊ በ1797 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል ሲጽፍ ተጠቅሞበታል። ያኔ ፎቶግራፍ ገና አልነበረም።

ሰውየው ወደ ጎን እያየ ከሆነ ሕጉ በጣም ይረዳሃል። በሚያይበት በኩል ባዶ ቦታ ተውለት። ፊት ለፊት ካሜራውን ካየ፣ ወይም ግራና ቀኙ እኩል የሆነ በር ላይ ከቆመ ግን መሃል አድርገው፤ ያኔ መሃልነቱ ራሱ ኃይል አለው። የስልክህን ግሪድ፣ ማለትም እነዚህን መስመሮች ስክሪኑ ላይ የሚያሳይህን፣ ግን ከሴቲንግ ውስጥ ገብተህ አብራው። የተንጋደደ አድማስ ወዲያው ያሳይሃል።

በስልክ ፊት ሳነሳ አፍንጫ ይገዝፍብኛል።

በጣም ስለተጠጉ ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲያነሱ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለሌንሱ እጅግ ይቀርባል። ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይበሉና 2x ዙም ይጠቀሙ።

ካነሱ በኋላ ክሮፕ ማድረግ፣ ማለትም የፎቶውን ጠርዝ መቁረጥ፣ ነውር ነው?

በፍጹም። ታዋቂው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ሄንሪ ካርቲየ ብሬሶን ፎቶ መቁረጥ አጥብቆ ይጠላ ነበር። ሆኖም በ1932 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ፣ ከሳን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳው ፎቶ፣ ውሃ ያቆረ መሬት ላይ የሚዘለው ሰው ማለቴ ነው፣ የተቆረጠ ነው። ያነሳው በአጥር ክፍተት ስለነበር አጥሩ በአንድ በኩል ገብቶበት ነበር። መጠጋት ካልቻሉ ይቁረጡ።

ጥራቱ ግን እንደሚቀንስ ይወቁ። የ12 ሜጋፒክሰል ፎቶን ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ቢቆርጡት የሚቀረው 3 ሜጋፒክሰል ነው። በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለማሳተም ይበቃል፤ ግድግዳ ለሚሞላ ፎቶ ግን አይሆንም። ሰው ሲቆርጡ ደግሞ መገጣጠሚያ ላይ አይሁን። ከጉልበት ይልቅ ጭን ላይ፣ ከእጅ አንጓ ይልቅ ክንድ ላይ ይቁረጡ።