ስለ ጓያ ለጠየቀችኝ ሐኪምና ለጓደኞቿ

ሰሞኑን አንዲት የፓቶሎጂ (የሰውነት ሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም «ጓያ የሰበረው ሰው ህብለ ሰረሰር በማይክሮስኮፕ ምን ይመስላል? እኛ ጋ ስላይድ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ጓያ ሰበረው የምንለው ጥራጥሬውን አዘውትሮ በልቶ እግሩ የሰለለውን ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ከሐሳቤ አልወጣ ብለውኛል፤ ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ እሳቸው ነው።

የጎንደር ደምቢያ ገበሬ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሌላው እህል አልቆ ቤቱ በጓያ ቂጣና ንፍሮ በከረመበት ዓመት ነው እግራቸው የተያዘው። በምርኩዝ፣ ጉልበታቸው ታጥፎ፣ በጣታቸው ጫፍ ይራመዳሉ። የኮንጎ ጫማቸው ተረከዝ እንደ አዲስ ነው፤ ጫፉ ግን ተበስቶ አውራ ጣታቸው ይታያል። ከወገብ በላይ ብርቱ ናቸው፤ እግራቸውን ስነካቸው ይሰማቸዋል፤ ስለ በሬዎቻቸው ሲያወሩ የየአንዳንዱን ጠባይ ያውቃሉ። የሳንባ ምች ይዟቸው መጥተው አልተረፉም።

ወንድማቸውን ፈቃድ ጠየቅሁት። ህብለ ሰረሰሩን አውጥቶ ለመመርመር አከርካሪው ከኋላ መከፈት እንዳለበት፣ መልሰን እንደምንሰፋው ነገርኩት። ጋቢውን አፉ ላይ እንደያዘ ሰምቶ ጨረሰና «ዶክተር፣ በቁሙ የተሰበረው ይበቃዋል። ሙሉ አካሉን ልውሰደው» አለኝ። ውጭ ዘመድ መኪና ተከራይቶ ይጠብቃል። አልተጫንኩትም፤ ዛሬም ቢሆን አልጫነውም። ግን ይቆጨኛል።

ጓያ ውስጥ ያለው ቤታ ኦዳፕ የተባለ መርዝ የነርቭ ሴሎችን ከልክ በላይ እያነቃቃ እንደሚጎዳ እናውቃለን። እግርን የሚያዙትን ረጃጅም ነርቮች ለይቶ፣ እጅን አብዛኛውን ጊዜ ለምን እንደሚተው ግን የተሟላ መልስ የለም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሽታውን ገጠር ድረስ ወርደው አጥንተዋል። አካሉ ውስጥ ያለውን ለማየት ግን እኔ የውጭ ጽሑፍ ነው የማገላብጠው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቫፕኒያርካ በተባለ ካምፕ ጓያ የተመገቡ አይሁድ እስረኞችን የእስራኤል ሐኪሞች ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1977ም የአንድ ጓያ የሰበረው ሰው አንጎልና ህብለ ሰረሰር ምርመራ ታትሟል። የደምቢያና የወሎ ደላንታ ሰው በሽታ ይህን ያህል ርቆ መነበቡ ያሳዝነኛል።

የዛሬ ልጆች ኤምአርአይ ላይ ያልታየ በሽታ የሌለ ይመስላችኋል። አንጎል ፎርማሊን ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት እስኪጠነክር መጠበቅ ያታክታችኋል። ይህ ያናድደኛል። ደግሞ እኛ በዚያች ጠያቂ ሐኪም ዕድሜ አለቆቻችንን እንዲያ ደፍረን አንጠይቅም ነበር፤ በዚህ ትበልጡናላችሁ።

አንብቡ አልላችሁም፣ ታነባላችሁ። ፈቃድን ግን ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ አትጠይቁ። ሕመምተኛው በሕይወት እያለ፣ ቤተሰቡና የንስሐ አባቱ ወይም ሼኩ ባሉበት ተነጋገሩበት፤ እምቢ ካለም ማከማችሁን አታጓድሉ።

ገጠር ስትወርዱም ስለ ሬሳ አትጀምሩ። ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ይሰብራል የሚል ሰው ታገኛላችሁ። አትሳቁበት። ቀድሞ መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንሰው፣ ከእህል ጋር መቀላቀሉም እንደሚረዳ፣ እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን ለብቻ ማዘውተር እንደሚያሰጋ አስረዱት። በደላንታ ዳውንት እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 የደረሰውን ስብራት ያጠኑ ሰዎች ምግብ አሠራሩ ለውጥ እንዳለው አሳይተውናል። ይህን መጀመሪያ ስጡ፤ ሌላውን ከዚያ ትጠይቃላችሁ።