ብሩሽ የለኝም፣ አይሻዶ በጣት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከባሕር ዳር ነው። ከፋሲካ በኋላ የአክስቴ ልጅ ታገባለች፣ እኔ ሚዜ ነኝ። ፎቶ የምንነሳው ጣና ዳር ነው፤ የሚያዝያን ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ። አይሻዶ፣ ማለትም የዓይን ቆብ ቀለም ገዝቻለሁ፣ ብሩሽ ግን የለኝም። በጣቴ ስቀባው አንድ ቦታ ይከማቻል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፣ ላስተካክል ብዬ ሳሸው ጭራሽ ይጠፋል። ጓደኞቼ በጣት አይሆንም ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ ይሆናል! እንዲያውም ክሬሙና የሚያብረቀርቀው አይሻዶ ከብሩሽ ይልቅ በጣት ያምራል። የጣት ሙቀት ክሬሙን ያለሰልሰዋል፤ የሚያብረቀርቀውን ደግሞ ጫን ስትይው ቆዳሽ ላይ ይተኛል፣ በደረቅ ብሩሽ ቢሆን ግን ብናኙ ጉንጭሽ ላይ ይረግፍ ነበር። ያስቸገረሽ ማሸቱ ነው። አይሻዶ በጣት አይታሽም፣ መታ መታ ይደረጋል።

የቀለበት ጣትሽን ተጠቀሚ፣ ሳታስቢው እንኳ በኃይል አይጫንም። ትንሽ ቀለም ንኪና መጀመሪያ የእጅሽ ጀርባ ላይ አራግፊው፣ ምክንያቱም ያ የሚከማችብሽ ቀለም ጣትሽ መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ላይ የሚቀረው ትርፍ ነው። ከዚያ ከዓይን ቆብሽ መሃል ጀምሪ፣ ጫን አድርገሽ አንሺ፣ እንዲህ እያልሽ ወደ ዳርና ወደ ዳር ሂጂ። ሳሳ ካለብሽ ሌላ ስስ ድርብ ጨምሪ እንጂ ያለውን አትጎትቺው።

ማዋሃዱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቀለም በነካ ጣት ጠርዙን ካዋሃድሽ ቀለሙን እያሰፋሽው ነው የምትሄጂው፣ መጨረሻ ላይ ቅንድብሽ ሥር ትደርሻለሽ። ስለዚህ ንጹሕ ጣት ያዢ፣ መሃሉን አትንኪ፣ ቀለሙና ቆዳሽ የሚገናኙበትን መስመር ብቻ በስሱ ነካ ነካ እያደረግሽ አለስልሺው። ይሄን ስታደርጊ ዓይንሽን ገልጠሽ ፊት ለፊት መስታወት እዪ፤ ጨፍነሽ ያማረው ስትገልጪ እጥፋቱ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል።

የማያብረቀርቀው ጥቁር ቡናማ ግን ለጣት ይከብዳል፣ ያንን አልደብቅሽም። ለዓይን ጥግ ጣት ይሰፋል። እዚያ ላይ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ተጠቀሚ፣ ይበቃሻል።

ለሙቀቱ ደግሞ የዓይን ቆብሽ ላይ ቫዝሊንም ሎሽንም አታድርጊ፣ ቀለሙ እጥፋቱ ውስጥ የሚሰበሰበው በቅባት ምክንያት ነው። ቅባቱን በሶፍት ጠረግ አድርጊ፣ በጣም ስስ ኮንሲለር (የቆዳ እንከን መሸፈኛ) ቀቢ፣ ከክሬሙ አይሻዶ በላይ ተመሳሳይ ቀለም ያለው የዱቄት አይሻዶ ጫን አድርጊበት። የቀሚስሽ ጥለት ወርቃማ ከሆነ መዳብና ነሐስ የሚመስሉ ቀለሞች ያምሩብሻል። ነጣ ያለ ሮዝ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ አመድ ይመስላል፣ ተዪው። ዓይንሽን ከፋውንዴሽን (ፊት ሙሉ ከሚቀባው የቆዳ ቀለም) በፊት ሥሪ፣ የረገፈውን ለመጥረግ ይቀልሻል።

አንድ ነገር አደራ። የሠርግ ጠዋት ሚዜዎች ሁሉ ከአንድ ዕቃ በየጣታቸው ሲቀቡ አውቃለሁ። ይሄ ደስ አይለኝም። የዓይን በሽታ በእጅ ይተላለፋል፤ ትራኮማ ደግሞ በአማራ ክልል ዛሬም ያለ በሽታ ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ለእያንዳንዷ ትንሽ ቀለም በንጹሕ ማንኪያ እየፋቃችሁ የእጇ ጀርባ ላይ አድርጉላት። ዓይኗ የቀላ ካለች በዚያ ቀን ዓይኗን አትቀባ፣ ቢከፋትም።

ጥያቄ፦ አያቴ ከገበያ የምታመጣውን የድንጋይ ኩል በጣቴ ከአይሻዶ ጋር ባዋህደው ጥቁር ጭስ የመሰለ ዓይን ይሰጠኛል?

መልስ፦ መልኩን ይሰጥሻል፣ ግን አትጠቀሚው። ከድንጋይ የሚፈጨው ኩል አንዳንዱ እርሳስ የተባለው ማዕድን አለበት፣ እሱ ደግሞ ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀም መርዝ ነው፤ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ክፉ ነው። ጥቁር የዓይን ማስመሪያ (አይላይነር) ግዢ፣ ሽፋሽፍትሽ ሥር አስምሪና ሳይደርቅ በትንሿ ጣትሽ ጫፍ ነካ ነካ አድርጊው። ከላዩ ትንሽ ቡናማ አይሻዶ ከጫንሽበት የፈለግሽው ጭስ ይወጣል።