የጠመንጃ አፈሙዝ፦ 20፣ 24 ወይስ 28 ኢንች?

አንድ አንባቢ የጻፈልኝ ባጭሩ ይሄ ነው። 6.5 ክሪድሙር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ አለው፤ አፈሙዙ ስላለቀ ሊያስቀይር ነው። የሚወደው በሰዓት ተይዞ፣ ከአጥር ወደ ጎማ፣ ከጎማ ወደ መሰላል እየተዘዋወሩ የሚተኮስበትን ውድድር ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ተኝቶ 1000 ሜትር ላይ ዒላማ መምታት ይፈልጋል። ሁለት ጠመንጃ የመያዝ ሐሳብ የለውም። ጓደኞቹ ግማሾቹ 20፣ ግማሾቹ 28 ኢንች ይሉታል።

ወንድሜ፣ ሁለቱንም ተዋቸው። ድምፅ ማፈኛ የምትገጥም ከሆነ 24 አድርገው፣ የማትገጥም ከሆነ 26። ምክንያቱን ልንገርህ፣ ምክንያቱን ካወቅህ ነገ ሌላ ጥይት ስትመርጥም ራስህ ታሰላዋለህ።

አፈሙዝ ሲረዝም የምታገኘው ነገር ፍጥነት ነው። የባሩዱ ጋዝ አረሩን ረዘም ላለ ጊዜ ይገፋዋል፣ በቃ። ባንተ ጥይት አንድ ኢንች ብትጨምር በሰከንድ ከ6 እስከ 8 ሜትር ያህል ታገኛለህ። 140 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን አረር ከ24 ኢንች አፈሙዝ በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ 26 ብታደርገው 835 ይጠጋል። አሁን ይህን 15 ሜትር 1000 ሜትር ላይ አስበው። የአረሩ መውደቅ በ40 ሳንቲሜትር ገደማ ይቀንሳል። ትልቅ ይመስላል፣ ግን መውደቅ በመነጽሩ ማስተካከያ የሚታረም ነገር ነው፤ ርቀቱንና ፍጥነትህን ካወቅህ ቁልፉን ታዞራለህ፣ አለቀ። የሚያስጨንቀው ነፋስ ነው። በነፋስ በኩል ደግሞ ሁለቱ ኢንቾች የሚያተርፉልህ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ነፋሱን በሰከንድ በ1 ሜትር አሳስተህ ብትገምት ግን እዚያው ርቀት ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ትስታለህ። ስለዚህ ለ28 የምታወጣውን ገንዘብ ለጥይት አውለውና ነፋስ ማንበብ ተለማመድበት።

“ረጅም አፈሙዝ ዒላማ አይስትም” የሚሉህ ሰዎች ወሬውን ከጥንት ነው ያመጡት። በብረት ማነጣጠሪያ ዘመን እውነት ነበር፤ በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ የዓይን ስህተት ይቀንሳል። መነጽር ከተገጠመ ወዲህ ይህ ጥቅም የለም። እንዲያውም ነገሩ ይገለበጣል። ውፍረታቸው አንድ ከሆነ 22 ኢንች አፈሙዝ ከ26ቱ ይልቅ መታጠፍን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይቋቋማል፣ ሲተኮስም ንዝረቱ ያንሳል። ውፍረት ሲጨመር ደግሞ ጥንካሬው በጣም በፍጥነት ነው የሚያድገው። እኔ ለደንበኞቼ ሁሌም የምላቸው፣ ገንዘብና ክብደት የሚፈቅድ ከሆነ ከርዝመት በፊት ውፍረት ግዙ ነው።

ክብደቱም የዋዛ አይደለም። ጫፉ አካባቢ 22 ሚሊሜትር የሚወፍር አፈሙዝ በየኢንቹ 70 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ያውም ከትከሻህ በጣም በራቀው ቦታ ላይ። ተኝተህ ስትተኩስ ይህ ጥሩ ነው፤ ርግጫው ይቀንሳል፣ ጠመንጃው ረጋ ይላል። አጥር ላይ አስደግፈህ ስትተኩስ ግን ጠመንጃው ወደ ፊት ይደፋብሃል። በዚህ ዓይነት ውድድር የሚጠቅመው ከጥይት ካዝናው ትንሽ ወደ ፊት፣ አንድ ቦታ ላይ ብታስቀምጠው ሳትይዘው ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆም ጠመንጃ ነው። በ28 ኢንች ይህን ለማግኘት ሰደፉ ላይ ብረት መጫን ይመጣል፣ ከዚያ ጠቅላላ ክብደቱ ያስመርርሃል።

ድምፅ ማፈኛ የሚያመጣው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይጨምራል፣ ያውም ጫፉ ላይ። 24 ኢንች ላይ ስትገጥመው ርዝመቱ ከ30 እስከ 32 ኢንች ከሆነ አፈሙዝ ጋር ይተካከላል። በ28ቱ ላይ ብትገጥመውማ በጠባብ መስኮት አስገብተህ ለመዞር ስትታገል ሰዓቱ ያልቅብሃል። ድምፅ ማፈኛ ከሌለህና ርግጫ መቀነሻ ብቻ ከሆነ የምትጠቀመው፣ 26 ምንም አያስቸግርም፤ ትንሽ ፍጥነትም ታተርፋለህ፣ የጋዙ ፍንዳታም ከፊትህ ትንሽ ይርቅልሃል።

20ስ? ለአደን፣ ተራራ ለሚወጣ ሰው አሪፍ ነው። ላንተ ግን ፍጥነቱ ይጎድላል፣ ጩኸቱም ይብሳል።

ጥይትህ 308 ዊንቸስተር ቢሆን መልሴ ይቀየር ነበር። በተለመደው 175 ግሬን አረር 1000 ሜትር ሳይደርስ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይወርዳል፣ እዚያ ላይ አረሩ መናወጥ ይጀምራል። ስለዚህ በ308 ተኝተው ሩቅ የሚተኩሱ ተወዳዳሪዎች 30 ኢንች ድረስ የሚሄዱት ለታይታ አይደለም። ያንተ 6.5 ግን በ24 ኢንችም 1000 ሜትር ላይ ከድምፅ በላይ እየሄደ ነው። በነገራችን ላይ በትንሿ 22 ሎንግ ራይፍል ነገሩ ሌላ ነው፤ ባሩዷ ጥቂት ስለሆነ ከ16 እስከ 18 ኢንች ካለፈች በኋላ ማስረዘሙ ፍጥነት አይጨምርላትም።

ስታዝዝ ከርዝመቱ እኩል ስለ ውስጡ ጥምዝ፣ ማለትም አረሩን ስለሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ ጠይቅ። ለረጃጅሞቹ 140 ግሬን አረሮች በ8 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር ያስፈልግሃል። እዚህ ላይ ከተሳሳትክ የትኛውም ርዝመት አያድንህም። ደግሞም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ርዝመታቸው አንድ የሆነ ሁለት አፈሙዞች በፍጥነት ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ከወረቀት ላይ የተነበበ ፍጥነት አትመን፤ ሲገጠምልህ በመለኪያ ለካው።

ርዝመት ሲለካም ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚለካው ከሚታየው ብረት አይደለም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ፤ ማቀባበያውን ዝጋ፤ ከጫፉ ቀጭን ዘንግ አስገብተህ የተዘጋው ማቀባበያ ፊት እስኪነካ ግፋው፤ ጫፉ ጋ ምልክት አድርግና ዘንጉን አውጥተህ ለካ። ተፈትቶ የሚወልቅ ርግጫ መቀነሻ አይቆጠርም። በሕግ ዝቅተኛ ርዝመት የተደነገገበት አገር ከሆንክ ከመቁረጥህ በፊት ይህን እወቅ። የውድድርህንም ደንብ እይ፤ ለምሳሌ ተኝተው በመነጽር ሩቅ ዒላማ በሚተኩሱበት በኤፍ ክላስ ውድድር ዓለም አቀፍ ደንብ የ308 እና የ223 ምድብ ጠመንጃ ከነመነጽሩና ከነእግሩ ከ8.25 ኪሎ እንዲያልፍ አይፈቀድም።

በ24 እና በ26 መካከል አሁንም ልብህ ካልቆረጠ 26ቱን አሠራ። ረጅሙ ይቆረጣል፣ አጭሩ አይቀጠልም። አንድ የውድድር ወቅት ተኩስበት፤ ከከበደህ ሁለቱን ኢንች አስቆርጥ። ግን በመጋዝ እንዳትነካው። በቶርኖ፣ ከአፈሙዙ ቀዳዳ መሃል ጋር ተስተካክሎ መቆረጥና ጫፉ እንደገና መታረም አለበት፣ አረሩ ሲወጣ በመጨረሻ የሚነካው እሱን ነው። ድምፅ ማፈኛ የሚታሰርበት ጥርስም አብሮ ተቆርጦ ስለሚሄድ አዲስ ማስወጣት እንዳለብህ አስቀድመህ ለባለሙያው ንገረው።