ቡላው ለምን ይጠቁራል? እና ሌሎች የእንሰት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በሸበዲኖ ወረዳ የምንኖር እናቶች በማኅበር ሆነን ቡላ እያዘጋጀን ሐዋሳ ላሉ ሱቆች እናስረክባለን። ክረምት ሲገባ ግን «ጠቁሯል፣ ይሸታል» እየተባለ ይመለስብናል። አሠራራችን እንደ ድሮው ነው። ምን አጎደልን?

መልስ፦ የጥቁረቱና የሽታው ምክንያት ለየቅል ነው። አምቾ (ከመሬት ሥር ያለው የእንሰቱ ወፍራም ግንድ) ተፍቆ አየር ላይ ሲቆይ ይበልዛል፤ የዛገ ብረት ሲነካው ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ በቀርከሃ ፋቁ፣ በዚያው ቀን ጨምቃችሁ ጨርሱ፣ ጭማቂውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ በፕላስቲክ ሳፋ ተቀበሉ። ነጩ ሲዘቅጥ ውሃውን ድፉና የዝቃጩን ሁለት እጥፍ ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉት፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ካረፈ በኋላ እንደገና ድፉ። ይህችን ሁለተኛ እጥበት ብዙዎች ይዘሏታል፤ ልዩነቷ ግን በዓይን ይታያል። ከላይ የሚቀረውን ግራጫ ሽፋን በማንኪያ ጥረጉና ወደ ቆጮው መልሱት።

ሽታው የእርጥበት ነገር ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ የረጠበ ቡላ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ፈርፍራችሁ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት፣ ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ አልጋ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስጡት፤ ስስ መረብ አልብሱት፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጡት። ዝናብ ሲያስቸግር ምድጃ ዳር ማድረቅ ያምራችሁ ይሆናል፤ ግን ይቅርባችሁ። ጭሱ ጣዕሙን ያበላሻል፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍም እርጥቡ ቡላ ይበስልና ጠጠር ይሆናል። መድረቁን ለማወቅ አንድ ኪሎ መዝናችሁ ለብቻው አስጡ፤ ለሁለት ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ መትቶት ሚዛኑ ካልቀነሰ ደርቋል። የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦም ቢሆን ለምግብ አይሆንም።

ዋጋውንም በዚሁ አስተካክሉ። እርጥቡ ቡላ 45 በመቶ ውሃ ይዞ ከሆነ፣ ውሃው ወደ 12 በመቶ ሲወርድ 10 ኪሎው 6.25 ኪሎ ይሆናል። እርጥቡ በኪሎ 100 ብር የሚሸጥ ቢሆን፣ ደረቁን ከ160 ብር በታች መስጠት ድካማችሁ ሳይቆጠር እንኳ ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው፤ የወላጆቼን ማኅበር ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። በዓመት 60 እንሰት ይፍቃሉ። አንድ ነጋዴ እጥፉን የሚጠይቅ ውል አምጥቷል። ይፈርሙ?

መልስ፦ መጀመሪያ ጓሮ ገብተህ ቁጠር። እንሰቱ በአምስት ዓመት የሚደርስ ከሆነ፣ በየዓመቱ 120 ለመፋቅ በየዕድሜው የተሰባጠረ 600 እንሰት ቆሞ መገኘት አለበት፤ የቤተሰቡ ቀለብ ሳይነካ ማለት ነው። ለገበያ የሚሆነው 350 ብቻ ከሆነ በዓመት መፋቅ የሚቻለው 70 ነው፤ ውሉም 70 ይበል፣ በየዓመቱ እየተቆጠረ ይታደስ። ደጋ ከሆነ መድረሻው ሊዘገይ ስለሚችል በ120 ለመፈረም ጨርሶ አትቸኩሉ። ችግኙስ አያንስም፤ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት አምቾ የመሐል እምቡጡ ተቆርጦ ወጥቶ ከተቀበረ ከ50 በላይ ሊሰጥ ይችላል። የሚያንሰው ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ የሚፋቀው ከአምስት ዓመት በፊት የተተከለው ነውና።

ጥያቄ፦ የእንሰታችን መሐል ቅጠል ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ይወጣዋል። መድኃኒት አለው?

መልስ፦ የእንሰት አጠውልግ ነው፤ የሚፈውስ መድኃኒት የለውም። ከእንሰት ወደ እንሰት የሚያሻግረው በአብዛኛው ቢላዋችሁ ነው። የታመመውን ከነአምቾው ነቅላችሁ አርቃችሁ በጥልቅ ቅበሩ፤ ለከብት አትስጡ፤ ቦታው ላይ ቢያንስ ስድስት ወር እንሰት አትትከሉ። ቢላውን ከእያንዳንዱ እንሰት በኋላ እጅ እስከማያስነካ በእሳት አግሉት፤ አለዚያ አንድ እጅ በረኪና በአምስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ንከሩት። ከጎረቤት በትውስት የመጣ ቢላም በዚሁ ይለፍ።