«ያሸንፋል ወይ» ከማለታችሁ በፊት

«ጋሼ፣ የአሜሪካ ዲሞክራቶች በፈረንጆቹ 2028 ለፕሬዚዳንትነት ማንን ቢያቀርቡ ያሸንፋሉ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ዝም አልኳችሁ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ጀበና ቡና እየጠጣን ነበር። አንዱ «ጋቪን ኒውሰም ነው፣ አለቀ» ይላል። ሌላው ካማላ ሃሪስ አንድ ተጨማሪ ዕድል ይገባታል ይላል። ፒት ቡቲጀጅ ይሻላል ያለም ነበር፤ ሦስቱም የዚያው ፓርቲ ፖለቲከኞች ናቸው። ወዲያው «እሱማ አያሸንፍም» ተባለና ዝም አለ። የቆየ ቁጭት የቀሰቀሰብኝ ይኼ ነው። ስለዚህ መልሴን በጽሑፍ ልስጣችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

ጊዜው 1997 ነው። ለግንቦት 7ቱ ምርጫ ጥቂት ወራት ቀርተዋል። ያኔ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ እመረምር ነበር። ከጅማ አጋሮ፣ ከአጋሮ ጌራ እየተመላለስኩ ደረሰኝ አገላብጣለሁ። ያን ዓመት ላላየ ሰው ድባቡን ማስረዳት ይከብዳል። የፓርቲዎች ክርክር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው እንኳ ስለ ምርጫ ያወራ ነበር።

አንድ ፓርቲ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከጅማ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር እጩ ሊመርጥ ስብሰባ ጠራ። እኔ አባል አልነበርኩም። የቅርንጫፉን የገቢና የወጪ መዝገብ እንድመለከትላቸው ለምነውኝ ነው የሄድኩት። «መጀመሪያ የእጩው ጉዳይ ይለቅ፣ ሒሳቡ ይደርሳል» ተባለ። ስለዚህ ሄርማታ አካባቢ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ጥግ ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፅ የመስጠት መብት ስላልነበረኝ እየሰማሁ ብቻ አመሸሁ።

ሦስት ስም ቀረበ። አንደኛው ጠበቃ ነው። ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል። ሁለተኛው ነጋዴ ነው። ፒክአፕ መኪና ስላለው ለቅስቀሳ ይጠቅማል ተባለ። ሦስተኛዋ አዋላጅ ነርስ ናት። ሲስተር እንበላት፤ ሰፈሩም የሚጠራት እንደዚያ ነበር። የዚያ ሰፈር ስንት ልጅ በእሷ እጅ ተወልዷል። የእድር ገንዘብ ያዥም ነበረች። መዝገቧን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ለድንኳን የወጣው፣ ለከሰል የወጣው፣ ለመቃብር ቆፋሪ የተከፈለው፣ ሁሉም በየቀኑ ተጽፏል። ደረሰኝ ያለው ከነደረሰኙ ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ አጠገብ ደግሞ የሦስት ሰው ፊርማ አለ። በሥራ ዘመኔ ብዙ መዝገብ አገላብጫለሁ። እንደዚያ የጠራ ብዙ አላጋጠመኝም።

ክርክሩ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ እስከ ምሽት ዘለቀ። የጠበቃው አንደበት ተወራ። የነጋዴው መኪና ተወራ። ሲስተር ጋ ሲደርስ ሁሉም በአንድ አፍ «ጎበዝ ናት» አሉ። ቀጥሎ «ግን አታሸንፍም» መጣ። አንዱ ድምጿ ቀጭን ነው፣ አደባባይ ላይ አይሰማም አለ። አንዱ ገበሬው ሴት አይመርጥም አለ። ሌላው ተነስቶ «እኔ በግሌ እሷን እመርጥ ነበር፣ ሕዝቡ ግን ገና ነው» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀለት።

እስቲ ይኼን ልብ በሉልኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በግሉ ይፈልጋታል። ሁሉም ደግሞ ውጭ ያለው ሰው አይፈልጋትም ብሎ ያምናል። ውጭ ያለውን ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም።

እሷ በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠችው። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። መጨረሻ ላይ እጇን አወጣች። «እንደማላሸንፍ ሁላችሁም ነገራችሁኝ። ብመረጥ ምን እንደምሠራ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና ጊዜ የለንም አለ። እጅ ተቆጠረ። ጠበቃው ተመረጠ። ሲስተር «እንኳን ደስ አለህ» ብላ ጨበጠችውና ወጣች።

ጠበቃው ተወዳደረ፤ ተሸነፈ። እሷ ብትሆን ታሸንፍ ነበር? እንጃ። እሷም ልትሸነፍ ትችል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መሸነፉ አይደለም። የጅማ ሰው ስሟን ወረቀቱ ላይ አይቶ እሺ ወይም እምቢ የማለት ዕድል አላገኘም። እምቢታውን ሌሎች ቀድመው በእሱ ስም ተናገሩለት። ጥቂት ቆይታ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ምን ልትሠራ አስባ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ጎማ ወረዳ ውስጥ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሲመርጥ ተገኝቼ ነበር። ከርዕሳችን ትንሽ ይወጣል፤ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ስብሰባው በኦሮምኛ ነው። አንድ ሽማግሌ ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁ። «እሸት ቡና ስናስረክብ የሚዛኑን ቁጥር ጮክ ብሎ ለገበሬው የሚያነበው ማን ይሆናል?» አንደኛው ስለ ልማትና ስለ አንድነት ረጅም ንግግር አደረገ። ሁለተኛው «ከእናንተው መካከል በየሳምንቱ ተራ የሚገባ ሰው ሚዛኑ ላይ ይቁም» አለ። እሱ ተመረጠ። ገበሬው ኪሎ የሚጎድልበት የት እንደሆነ ያውቃል። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች የጠየቁትን ዓይነት ጥያቄ ያ ዲግሪ የሞላው የፓርቲ ስብሰባ ሊጠይቅ አልቻለም።

ወደ አሜሪካችሁ ልመለስ። «አያሸንፍም» እዚያም ብዙ ጊዜ ተብሏል። በፈረንጆቹ 2007 ባራክ ኦባማ ለእጩነት ሲነሳ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ሳይቀሩ «ነጩ አይመርጠውም» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ጃንዋሪ 3 ቀን 2008፣ የፓርቲው እጩ በየግዛቱ በሚለይበት ምርጫ፣ የአዮዋ ግዛት መረጠው። አዮዋ ደግሞ አብዛኛው ነዋሪዋ ነጭ ነው። በ2016 ምርጫ ሪፐብሊካኖች 17 ያህል ታዋቂ ተፎካካሪዎች ነበሯቸው። ዶናልድ ትራምፕን ብዙ ተንታኝ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እጩም ሆነ፣ ፕሬዚዳንትም ሆነ። ወደዳችሁትም ጠላችሁትም፣ አያሸንፍም ያሉት ተሳስተዋል።

ነገር ግን ይህን ክርክሬን የሚያፈርስ ምሳሌም አለ። በ2020 ዲሞክራቱ ጆ ባይደን በዚሁ የእጩ ምርጫ አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ወጣ። አለቀለት ሲባል ፌብሩዋሪ 29 ሳውዝ ካሮላይና ላይ አሸነፈ። ብዙዎቹ የመረጡት ትራምፕን ሊያሸንፍ የሚችለው እሱ ነው ብለው ነው። አሸነፈም። ስለዚህ ስለ ማሸነፍ ማሰብ ሞኝነት ነው አልላችሁም። ያላሸነፈ እጩ ቃሉን የሚፈጽምበት ወንበር የለውም። እኔ የምለው ጥያቄው ሁለተኛ ይሁን ነው። መጀመሪያ ሰውየው ምን ሊሠራ እንዳሰበ ይጠየቅ።

ሌላው የታዘብኩት ነገር፣ የተፎካካሪዎቹን ስም ታውቃላችሁ፤ እጩውን የሚመርጠው ማን እንደሆነ ግን ብዙ አይገዳችሁም። በ2024 ባይደን ቅድመ ምርጫውን፣ ማለትም በየግዛቱ የሚደረገውን የእጩ ምርጫ፣ ጨርሶ፣ በጁን 27ቱ ክርክር ከተዳከመ በኋላ ጁላይ 21 ራሱን አገለለ። ምክትሉ ካማላ ሃሪስ እጩ የሆነችው በፓርቲው ጉባኤ ልዑካን ድምፅ ነው፤ ተራው አባል እሷን ከሌሎች ጋር አወዳድሮ የመምረጥ ዕድል አላገኘም። ኖቬምበር ላይ ተሸነፈች። ጊዜ ቢኖር ውጤቱ ይለወጥ ነበር ወይ የሚለው አሁንም ያጨቃጭቃቸዋል። በፈረንጆቹ 1968ም ዲሞክራቱ ሁበርት ሃምፍሪ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደር ቺካጎ ላይ በፓርቲው ጉባኤ እጩ ሆነ። ውጭ ፖሊስ ሰልፈኛ ይደበድብ ነበር። በሪፐብሊካኑ ኒክሰን ተሸነፈ። ፓርቲው ደንቡን ለውጦ ለተራው መራጭ ትልቅ ድርሻ የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛስ? አንዳችሁን «የኢትዮጵያን ፕሬዚዳንት ማን ይመርጣል?» ብዬ ብጠይቅ «ሕዝቡ ነዋ» አለኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። የአዮዋን ወረዳዎች ሳይቀር የሚያውቅ ልጅ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 መሠረት ፕሬዚዳንቱን በእጩነት የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከዚያ ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ የተወካዮችና የፌዴሬሽን፣ በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል። የሥራ ዘመኑ 6 ዓመት ሲሆን ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ዋናው የአስፈጻሚነት ሥልጣን ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው። እሱም በአንቀጽ 73 መሠረት ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። እንግዲህ እኛ አገር ትልቁ የእጩ ምርጫ የሚካሄደው ፓርቲው ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። በመጋቢት 2010 የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት። ዐቢይ አህመድ በ108 ድምፅ ሊቀመንበር ሆኑና መጋቢት 24 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የበሻሻ ልጅ ስለሆኑ ጅማ ላይ ስለ እሳቸው ብዙ ተወርቷል። ስለ 180ዎቹ፣ ማን እንደመረጣቸውና ምን ጠይቀው እንደወሰኑ፣ የሚያወራ ሰው ግን ያኔም አልገጠመኝም፤ አሁንም አልገጠመኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዛሬ ወጣት ሰውን በአንድ ደቂቃ የቲክቶክ ቪዲዮ መመዘኑ ያሳስበኛል። «እንዴት አፉን አስያዘው!» ትላላችሁ፤ አፉን ያስያዘው ሰው ከተማውን እንዴት እንዳስተዳደረ አትጠይቁም። እኛም ያኔ በጠበቃው አንደበት የተማረክን ትውልድ ስለሆንን ብዙ አልፈርድባችሁም። በአንድ ነገር ደግሞ ትበልጡናላችሁ። በእናንተ ክርክር ውስጥ ሴቶቹ እንደ ወንዶቹ ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ይሟገታሉ። በእኛ ጊዜ ይኼ ብርቅ ነበር።

ምዝገባ አያምልጣችሁ፣ መታወቂያችሁን ያዙ የሚለውን ምክር እዘለዋለሁ። ታውቁታላችሁ። የራሴን ምርጫ ግን ጠይቃችሁኛልና ልመልስ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። በጀት ይዞ የሚያውቅ ሰው ደስ ይለኛል። ስለዚህ አገረ ገዢ የነበረ ሰው ይቅረብ እላለሁ። ካርተር ጆርጂያን፣ ሬገን ካሊፎርኒያን፣ ክሊንተን አርካንሳስን፣ ትንሹ ቡሽ ቴክሳስን አስተዳድረው ነው የመጡት። የአገረ ገዢ ሥራ በቁጥር ይታያል። ምን ተቀበለ፣ ምን አወጣ፣ ምን ጎደለ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ኒውሰምን የምትደግፉ ልጆች፣ ክሊፑን ትታችሁ ከ2019 ጀምሮ ካሊፎርኒያን እንዴት እንዳስተዳደረ አንብቡ። ከዚያ በኋላ ልትደግፉት ወይም ልትተዉት ትችላላችሁ። በእርግጥ ኦባማ ከሴኔት እንጂ ከአገረ ገዢነት አልመጣም፤ እኔም እሱን እወደው ነበር።

የመጨረሻው ለአንዷ ብቻ ነው። ቡናው አልቆ ስንበታተን ወደ ኋላ ቀርተሽ የክበባችሁ ፕሬዚዳንትነት ምርጫ እንደቀረበ ነገርሽኝ። «ብወዳደርም አላሸንፍም ጋሼ፣ ለምን እደክማለሁ» አልሽኝ። አንቺ ልጅ፣ ስምሽን አስመዝግቢ። ብትመረጪ ምን እንደምትሠሪ አንድ ገጽ ላይ ጻፊ። ክበቡ ስንት ብር እንዳለው፣ ባለፈው ዓመት በምን ላይ እንዳዋለው ከጸሐፊው ጠይቂና ከሥሩ አስገቢው። ለቅዳሜ ካደረስሽው የሒሳቡን ክፍል አብረን እናየዋለን።