ዕድሜ ጠገብ ሳቢ መኪና ለምትገዙ፦ ስለ ሞተሩ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። አሮጌ የአሜሪካ ሳቢ መኪና ዓይናቸው ያረፈበት፣ ግን ከኮፈኑ ሥር ምን እንዳለ እርግጠኛ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው የጻፉልኝ። ጎማና ቀለም በኋላ ይደረስበታል። ሞተሩ ላይ ከተሳሳቱ ግን መኪናውን ሁለቴ እንደ መግዛት ነው።

ሻጩ «ከሚንስ 350 ነው» ይለኛል። ኮፈኑ ጎን ላይም ከሚንስ የሚል ተለጥፏል። በምን ላረጋግጥ?

በተለጠፈው አይርኩ። እነዚህ መኪኖች አርባና ሃምሳ ዓመት የሠሩ ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሞተር የተቀየረላቸው ብዙ ናቸው።

ኮፈኑን ይክፈቱና መጀመሪያ ቴስታታዎቹን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጉትን ክዳኖች) ይቁጠሩ። ስድስት ሲሊንደሩ ከሚንስ 855 (ሻጩ 350 ያለው ኤንቲሲ 350 የዚህ ቤተሰብ ነው) ሦስት ቴስታታ አለው። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሲሊንደር ይሸፍናል። ስድስት ሲሊንደሩ ማክ ሁለት ቴስታታ አለው። ካተርፒላር 3406 ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው። ይቺ ቆጠራ ብቻዋን ብዙ ነገር ታጠራለች።

ቀጥለው የሞተሩን ሰሌዳ ይፈልጉ። 855 ላይ ከፊት በኩል፣ የታይሚንግ ማርሾቹን በሚሸፍነው ክዳን ላይ የተመታች ትንሽ ሰሌዳ ናት። ብዙ ጊዜ ቀለም ተቀብቶባታል፤ ወይም ቅባትና አቧራ ተጋግሮባታል። በቢላዋ አይፋቋት፤ ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል። ናፍጣ የነካ ጨርቅ ያስደግፉባትና ትንሽ ቆይተው ይጥረጉ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

ከሰሌዳው ሁለት ነገር ይመዝግቡ፤ የሞተሩን መለያ ቁጥርና ሲፒኤል የሚለውን ቁጥር። ሲፒኤል ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የትኛው ፒስተን፣ የትኛው ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ የትኛው ኢንጀክተርና ቱርቦ እንደገባለት የሚናገር የዝርዝር ቁጥር ነው። ኤንቲሲ 350 ላይ ያለው 350 የፈረስ ጉልበቱን ብቻ ነው የሚነግርዎት። ሁለት ኤንቲሲ 350 ሞተሮች ውጫቸው ተመሳስሎ ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። ለምሳሌ ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1976 ካምሻፍቱን ከ2 ኢንች ወደ 2.5 ኢንች አወፈረው። «ቢግ ካም» የሚባለው ይሄ ነው። ሲፒኤሉን ሳይዙ ዕቃ ካዘዙ የማይገጥም ነገር ይዘው ይመለሳሉ።

የእኔ ካተርፒላር 3406 ነው። ግን «ቢ» ይሁን «ኢ» አላወቅሁም።

የመለያ ቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስት ምልክቶች ይዩ። 7ኤፍቢ ከሆነ 3406ቢ ነው፤ 5ኢኬ ከሆነ 3406ኢ ነው። ሌሎች ቅድመ ቁጥሮችም ስላሉ የእርስዎ ከነዚህ ውጭ ከሆነ ሙሉውን ቁጥር ለካተርፒላር ዕቃ ሻጭ ይስጡት። «ኢ»ው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ስለሆነ የሽቦው ጤንነት የሞተሩን ያህል ያሳስብዎት።

የሻንሲ ቁጥሩ ስለ ሞተሩ አይነግረኝም?

ይነግርዎታል፤ ግን ስለ ድሮው ሞተር። እ.ኤ.አ. ከ1981 ሞዴል ወዲህ ቁጥሩ 17 ምልክት አለው፤ የሞተሩ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ባሉት ውስጥ ይገባል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው የሚያሳየው። ዛሬ ያለውን የሚያሳየው የሞተሩ የራሱ ቁጥር ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። ይሄ በራሱ ጥፋት አይደለም። መቼና ከየት እንደመጣ ግን ይጠይቁ።

ዲትሮይት 8ቪ-71 አግኝቻለሁ። ዘይት ያንጠባጥባል። «ዲትሮይት ሁሉም እንዲህ ነው» አሉኝ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ይሄን ሞተር በጣም ስለምወደው ትንሽ ልዘርዝር።

የዲትሮይት 71 ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ባለ ሁለት ምት የናፍጣ ሞተር ነው። 71 የአንዱ ሲሊንደር ይዘት ነው፤ በኪዩቢክ ኢንች። ስለዚህ 8ቪ-71 በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች፣ በድምሩ 568 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር በየዙሩ ስለሚቀጣጠል ድምፁ ከእውነተኛ ዙሩ እጥፍ የሚሮጥ ይመስላል። ያ ጩኸት ተፈጥሮው ነው፤ አያስደንግጥዎት። በቪው መሃል የተቀመጠው ብሎወር ደግሞ የጉልበት መጨመሪያ አይደለም። አየር የሚያስገባለት እሱ ነው።

ከአየር ሳጥኑ (ብሎወሩ አየር የሚሞላው፣ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያለው ክፍት ቦታ) ማፍሰሻ ቱቦዎች ትንሽ ዘይት መውጣቱ የአሠራሩ ነገር ነው። ነገር ግን «ሁሉም እንዲህ ነው» የምትለዋን አባባል አምነው ያለቀለት ሞተር የገዙ ሰዎች አይቻለሁ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ይሄ ሞተር ቴስታታው ሳይወርድ ውስጡን የሚያሳይ ነው።

ብሎኩ ጎን ላይ የአየር ሳጥኑ መፈተሻ ክዳኖች አሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ይፍቷቸውና በባትሪ ያብሩ። የላይነሩን (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቀፎ) የአየር ቀዳዳዎች ያያሉ። አንድ ሰው ሞተሩን በእጅ ቀስ እያለ ያዙርልዎ። ፒስተኑና ፋሻዎቹ (ፒስተኑን የከበቡት ቀለበቶች) በቀዳዳዎቹ ፊት ያልፋሉ። ፋሻውን በእንጨት ጫፍ ጫን ያድርጉት። ገባ ብሎ ከተመለሰ ሕያው ነው። ፍንክች ካላለ በካርቦን ተጣብቋል። ፒስተኑ ጎን ላይ ቁልቁል የወረደ ጭረት ካለ ያ ሲሊንደር ተጎድቷል። ስምንቱንም ይዩ፤ ሁለት ሦስቱን አይተው አይተዉ።

አንድ የደኅንነት ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ የቆመ ዲትሮይት ከመነሳቱ በፊት ከሮከር ክዳኑ ሥር ያለውን የኢንጀክተሮቹን ራክ (የነዳጁን መጠን የሚያዝዘውን ዘንግ) በእጅ ያንቀሳቅሱት። ነዳጅ እንደከፈተ ከተጣበቀ ሞተሩ ሲነሳ ዙሩ ማቆሚያ ያጣል፤ እስኪሰባበር ድረስ ይሮጣል። የአደጋ ጊዜ አየር መዝጊያው መዝጋቱንም ቀድመው ይፈትኑ። በመጨረሻ ምን ዘይት ሲሞላ እንደኖረ ይጠይቁ። ይሄ ሞተር የሚፈልገው ነጠላ 40 ቁጥር ዘይት ነው። ባለቤቱ 15ደብሊው-40 ካለዎት ፋሻዎቹን ደግመው ይዩ።

ሻጩ «ስትመጣ ሞተሩን አሙቄ እጠብቅሃለሁ» አለኝ። ልስማማ?

አይስማሙ፤ ቀዝቅዞ ይጠብቅዎት። አንድ ጊዜ «ከትናንት ወዲያ ነው የተነሳው» የተባለ ሞተር ለማየት ሄጄ ብሎኩን በመዳፌ ስነካው ለብ ብሎ አገኘሁት። እርስዎም ሞተሪኖው ከመነካቱ በፊት እጅዎን ብሎኩ ላይ ያሳርፉ።

ሲነሳ ጭሱን ይመልከቱ። በብርድ የሚወጣ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ሲሞቅ መጥፋት አለበት። ሞቆም ካልጠፋ ኢንጀክተር፣ የደከመ ግፊት ወይም ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ዘይት ነው። ጥቁር ደግሞ ነዳጅ በዝቶ ወይም አየር አንሶ ነው፤ አንዳንዴ በቆሸሸ የአየር ማጣሪያ ብቻ ይመጣል።

የዘይት ግፊቱን ግን ሲነሳ አይመኑት። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ያረጀ ሞተር ላይም ጌጁ ከፍ ይላል። እውነቱ የሚታየው ጭነት ይዞ ከተነዳ በኋላ፣ ሞቆ በሚኒሞ ሲቆም ነው። ያኔ ያነበቡትን ለዚያው ሞተር መመሪያ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ያስተያዩ።

«ሞተሩ ወርዶ በሙሉ ተሠርቷል» ተባልኩ። በምን አምናለሁ?

በደረሰኝ። ደረሰኙ ላይ የሞተሩ ቁጥር ካለ ከሰሌዳው ጋር ያመሳክሩ። ምን ምን እንደተቀየረም በዝርዝር ይጠይቁ። ሞተሩ መኪናው ላይ እንዳለ ላይነርና ፒስተን መቀየር አንድ ነገር ነው፤ ወርዶ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ተለክቶ መሠራቱ ሌላ ነው።

ደረሰኝ ከሌለና ሻጩ ከፈቀደ የዘይት ኮፓውን አስወርደው አንድ ብሮንዚን (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበትን ስስ የብረት ድጋፍ) ያስወጡ። ጀርባው ላይ ልኩ ተጽፏል። ኤስቲዲ የሚል ከሆነ ክራንክሻፍቱ በመጀመሪያ ልኩ ነው። 010 ከሆነ አንድ ጊዜ በ0.010 ኢንች ተፍቋል። መፋቁ አያስፈራም፤ ግን «ተነክቶ አያውቅም» ከተባሉ እዚያው ያውቃሉ። የብሮንዚኑ ፊት እኩል ግራጫ ቢሆን ደስ ይላል። የመዳቡ ቀለም ብቅ ካለ ዕድሜው አልቋል።

የዘይት ምርመራ ይጠቅማል?

በጣም። ሶዲየምና ፖታሲየም ከበዙ የራዲያተር ፈሳሽ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። እርሳስና መዳብ ወደ ብሮንዚን፣ ብረትና ክሮም ወደ ላይነርና ፋሻ፣ ሲሊከን ወደ አቧራ ይጠቁማሉ። ነገር ግን ዘይቱ ትናንት ከተቀየረ ውጤቱ ባዶ ነው። ስንት እንደሠራ ይጠይቁ።

ላቦራቶሪ ከራቀዎት ይሄን ያድርጉ። መኪናው አድሮ ጠዋት፣ ሳይነሳ፣ የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ቀስ አድርገው ያላሉና ሥሩ ነጭ ኩባያ ይያዙ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ታች ይወርዳል። መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ዘይት ከሆነ ብሎኑን ያጥብቁና ምርመራዎን ይቀጥሉ። አረንጓዴ ወይም ውሃ መሳይ ጠብታ ከቀደመ ኩባያውን ለሻጩ ያሳዩት፤ ዋጋ መነጋገሩ ከዚያ በኋላ ይሁን።